የግራር ውሃን መልካ ማን አሳየ?

ባለፈው ሰኞ ዘነበች ደወለችልኝ። ካሊፎርኒያ፣ አልባኒ ከተማ ባለችው ጠባብ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ከባሕሩ የሚነሳውን ጉም እያየሁ ነበር። እኔ የደረስኩበት ዕድሜ ላይ ስልክ ሲጮህ ወይ ሐኪም ቤት ነው፣ ወይ ሰው ሞቷል፤ ስለዚህ የማነሳው እያቅማማሁ ነው። «ጋሼ መስፍን፣ ቅዳሜ የአባባ መታሰቢያ ነው፤ እኔ ቤት፣ ፕሌዘንተን። ልጄ መጥቶ ፒክ አፕ ያደርግዎታል፤ ደግሞ በባቡር እመጣለሁ ምናምን እንዳይሉኝ» አለች። እሺ አልኩ። ልዘጋ ስል «አንድ ነገር አለ» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የልጅ ልጆቼ ስለ አጎቴ ስለ አስፋው ጨቀጨቁኝ። ኢንተርኔት ላይ ስሙ ያለበት ዘፈን ሰምተው። ጀግና ነበር አልኳቸው፤ ከዚያ በላይ ምን አውቃለሁ? አባባ ለእርስዎ እንጂ ለእኛ አላወሩም። እውነተኛውን ይንገሩልኝ፤ ሪኮርድ እናደርግዎታለን።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ። የዘነበች አባት አባባ ታደሰ ከመሞታቸው በፊት ስለ ወንድማቸው የነገሩኝ ነገር አለ። ሲነግሩኝም «እኔ ቆሜ እያለሁ ለልጆቼ አትንገር። ከሞትኩ በኋላ ከጠየቁህ ግን አትዋሻቸው» ብለውኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ የጠየቀኝም ስላልነበረ መያዙ አልከበደኝም። አሁን ተጠየቅሁ። ዘነበች የምትጠብቀው ጀግና ነው፤ በልጅ ልጆቿ ፊት፣ በአባቷ መታሰቢያ ቀን። እኔ ዘንድ ያለው ሌላ ነው። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ያን ሳምንት ሙሉ ሐሳቤ ወደ ድሮዋ ኦክላንድ እየሸሸ አስቸገረኝ።

እኔ መጀመሪያ ስመጣ ተማሪ ነበርኩ፤ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ሱሪያችን ከታች መንገድ ይጠርጋል፣ ጎፈሬያችን በር አያስገባም። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛኋት ቡናማ ካቦርት ነበረችኝ፤ የቀድሞ ባለቤቷ ሲጋራ ያጨስ ስለነበር እኔ ሳላጨስ ስሸት ኖርኩ። በአንዲት ሃያ አምስት ሳንቲም ቡና ይጠጣል፤ አንድ ስኒ ይዞ ሦስት ሰው አገር ሲያፈርስና ሲሠራ ይውላል። የዚያን ጊዜ ጓደኞቼ ኢንጂነሪንግ፣ ሕክምና፣ ሕግ ይማራሉ። እኔ የጥንት ግሪክ ታሪክ። «አገሩ እየነደደ አንተ የሞተ ግሪክ ትቆጥራለህ» ይሉኝ ነበር። በኋላ አገሩም ነደደ፣ እኛም ቀረን፤ ኢንጂነሮቹ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፣ እኔ ኦክላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ የሞቱትን ግሪኮች አስተምሬ እበላለሁ። ስሜም «መስፍን ግሪኩ» ሆኖ ቀረ። ካቦርቷ ከሄደች ስንት ዘመኗ ነው፤ ቴሌግራፍ ላይ ባለፍኩ ቁጥር ግን ያ ሱቅ ወደነበረበት ማዕዘን አንገቴ ይዞራል። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የውሻ ፀጉር ይቆርጣሉ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስተምራቸው አንድ ነገር ነበር። ታሪክ መጻፍን ከጀመሩት ግሪኮች አንዱ ከፋርስ ጋር የተደረገውን ጦርነት ሊጽፍ ሲነሳ ጦርነቱ ካለቀ ቆይቷል። ሰነድ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ ከተማ ለከተማ እየዞረ ሰው ጠየቀ። ካህናቱን ጠየቀ፣ የሟቾቹን የልጅ ልጆች ጠየቀ፣ መቃብር አይቶ ይህ የማን ነው አለ። የነገሩትንም ሳያደባልቅ፣ እነዚህ እንዲህ ይላሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ግን እንዲያ ይላሉ እያለ አስቀመጠው። የአንዱ ከተማ ሰዎች የጎረቤቶቻቸው መርከቦች ከባሕሩ ውጊያ ሸሽተዋል ይላሉ፤ የታሙት ደግሞ ከፊት ነበርን ይላሉ። እሱ ሁለቱንም ጻፈ። ተማሪዎቼን ከሁሉ የሚገርማቸው የባዶ መቃብሮቹ ነገር ነው። ውጊያው ላይ ያልደረሱ ከተሞች በኋላ ሲያፍሩ፣ በጦር ሜዳው ላይ ሬሳ የሌለበት የአፈር ጉብታ ከምረው የእኛም ሙታን እዚህ ናቸው አሉ። ለሚመጣው ትውልድ ሲሉ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሌላው ጸሐፊ ቆጣ ያለ ሰው ነበር፤ ሰዎች ስለ ገዛ አገራቸው እንኳ የሰሙትን ሳያላምጡ ይውጣሉ ብሎ ይማረራል። እኔ የመጀመሪያውን እወድ ነበር። ወሬ ሲሰማ የሚያዳምጥ ይመስለኛል፤ ሁለተኛው ገና ሳትጨርስ የሚያቋርጥ ዓይነት ነው።

አባባ ታደሰ የመጡት ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ሰዉ ከየስደተኛ ጣቢያው እየመጣ በዝቷል፣ ጎፈሬውም ሄዷል፣ ካሴት ግን ገና አልሞተም። ዘነበች ያን ጊዜ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ኦክላንድ ውስጥ ሁለት ክፍል ያላት ቤት ተከራይታ አባቷን አስመጣች። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ከአገር ይዘውት በመጡት ጥቁር የሱፍ ኮት ኪስ ውስጥ ናፍታሊን ይይዛሉ፤ አሜሪካ ብል የለም ብንላቸው አላመኑንም። ከእነሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለምኖር ጎረቤት ነበርን። ማታ ማታ ስለ ግሪኮቹ እንድነግራቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም ጓደኞቼ ሊሰሙኝ ያልፈለጉትን ሁሉ በእሳቸው ላይ ተወጣሁት።

አንድ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ሠርግ ተጠራንና አብረን ሄድን። ሙሽራው የእነ አባባ ታደሰ አገር ልጅ ነው፤ አዳራሹ ከዚያ አካባቢ በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ራት ከተበላ በኋላ የአገሩን ዘፈን አነሱት። ግራር ውሃ የሚባል ወንዝ አላቸው። ዘፈኑ የወንዙ ነው፤ ጭብጨባው ሞቅ ያለ፣ እስክስታ የሚያስወርድ። ወጣቶቹ ክብ ሠርተው እየዘለሉ እንዲህ ይላሉ፦

ግራር ውሃ መልካን ጠላት መች ያውቀዋል፣
አስፋው ፊት ፊት ሄዶ መንገድ ያሳየዋል።

እኔም አጨበጨብኩ፤ ቃሉን ማን ያዳምጣል? ዞር ስል የአባባ ታደሰ ወንበር ባዶ ነው። ኮታቸውን ለብሰው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የእኔ አሮጌ ዳትሰን አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። «አሞዎት ነው?» አልኳቸው።

«አስፋው ወንድሜ ነው» አሉ። «ታላቄ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው የኖርኩት። እዚህ ድረስ ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም።»

መንገድ ላይ ነገሩን አጫወቱኝ። ጣሊያን በነበረበት ዘመን ከወንዙ ወዲያ ማዶ አርበኞች ሰፍረዋል። መልካውን፣ ማለት ወንዙ ሳስቶ በእግር የሚያሻግርበትን ቦታ፣ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጠዋት የጠላት ጦር በዚያ በኩል ተሻግሮ አርበኞቹን ሳያስቡት ደረሰባቸው። ብዙ ሰው አለቀ። ከጦሩ ፊት ፊት የሄደው አስፋው ነው ተባለ። አስፋውን ከዚያ ቀን ወዲህ ያየው የለም። ጨርሰው ሲያበቁ «አንተ እንደዚያ ግሪክህ ዞረህ ጠይቅልኝ» አሉ። «የዚያ አገር ሰው እዚህ ሞልቷል። ወንድሜ ምን እንደነበረ ሳላውቅ አልሙት።»

ለእኔ ደስታ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን በሌላ ሰው አገር ላይ ያነበብኩትን በራሴ ቋንቋ ልሠራው ነው። ቅዳሜና እሑድ ዳትሰኗን ይዤ ዞርኩ። ሪችመንድ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ባሻገር፣ አቶ ደምሴ የሚባሉ የአስፋው መንደር ሰው አሉ፤ ከወንዙ ወዲህ ማዶ ማለት ነው። «አስፋው ጀግና ነው!» አሉኝ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ። «መንገድ መርቶ ጥልቁ ውስጥ ሊከታቸው ነው ፊት ፊት የሄደው። ስንቱን ጣሊያን አስምጦ አብሮ ሰመጠ። ያን ዘፈን ያወጡት የወዲያ ማዶ ምቀኞች ናቸው።» ሳን ሆዜ ደግሞ ወይዘሮ ይመናሹ አሉ፤ የወዲያ ማዶ ሰው፣ በሰፈሩ የታወቁ አልቃሽ። ለቅሶ ላይ ተነስተው ሙሾ ካወረዱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ ይባላል። አባታቸው በሻህ መልካው ላይ ከሞቱት አንዱ ነው። «እኔ ያን ጊዜ የእናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ» አሉኝ። «አባቴን በፎቶ እንኳ አላውቀውም። አስፋው በበቅሎ ነው የሸጣቸው። በበቅሎዋ ተቀምጦ ሌላ አገር ሄዶ ሸምግሎ ሞተ። ሌላ ምን ልንገርህ?» ያቀረቡልኝን ምግብ ሳልጨርስ እንድነሳ አልፈቀዱም፤ የጠየቅኳቸውን ግን አልወደዱትም።

አየህ፣ ወንዙን ተሻግረህ ስትጠይቅ ታሪኩም አብሮህ ይሻገራል። ጥንትም እንደዚሁ ነበር። በዚያው በፋርሶች ጦርነት ለጠላት በተራራው ላይ አቋራጭ ያሳየው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት ወሬ ነበር። ያ ጸሐፊ ሁለቱንም ከሰማ በኋላ ሰዎቹ የተናገሩትን ትቶ ያደረጉትን ተመለከተ፤ የግሪኮች ጉባኤ የከሃዲውን ጭንቅላት ላመጣ ብሎ ሽልማት ያስነገረው በማን ላይ ነው? እነሱ በጊዜው አጣርተዋል ብሎ፣ ያ ሰው ነው አለ። እኔም ይህን ይዤ አቶ ደምሴ ዘንድ ተመለስኩ። «ለአስፋው ተዝካር ወጥቷል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጠረጴዛውን መደብደብ ተዉ። «እናቱ ጥቁር ለብሳለች» አሉ። «ተዝካር ግን አልወጣም። ጊዜው እንዲያ ነበር።» ለሌሎቹ የመንደሩ ሟቾች ግን በዚያው ጊዜ ወጥቷል፤ ጠይቄ አረጋገጥኩ። ጀግናችን ነው የሚሉት የገዛ ሰዎቹም በልባቸው እርግጠኛ አልነበሩም።

ይህን ለአባባ ታደሰ የነገርኳቸው የኦክላንድ ሐይቅ ዳር፣ ዝይ በሞላበት ሣር ላይ ተቀምጠን ነው። የተባለውን ሁሉ፣ ማን እንዳለው እየለየሁ ነገርኳቸው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የበቅሎዋን ነገር ከይመናሹ ሌላ የሚያውቅ አላገኘሁም አልኳቸው። የጀግንነቱ ወሬ እንደ ግሪኮቹ ባዶ ጉብታ ሊሆን እንደሚችልም አልሸሸግኳቸውም። ሰምተው ሲጨርሱ «እርስዎስ?» አልኳቸው። «ያን ቀን እርስዎ የት ነበሩ?» ዘመድ ለዘመዱ ስለሚያደላ እሳቸውን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆይቻቸው ነበር።

«ሸንበቆው ውስጥ» አሉ።

እጃቸውን በጉልበታቸው መሀል ቀበሩት። የመንደሩ ሴቶችና ልጆች ጠላት መጣ ሲባል ከመንገዱ በታች ያለ ሸንበቆ ውስጥ ገብተው ተደብቀዋል። መንገዱ እዚያ ላይ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ሸንበቆው ይወርዳል፣ አንዱ ወደ መልካው ይሄዳል። «ውሃ ጠምቶኝ ከእናቴ እጅ አምልጬ ወጣሁ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቀና ስል ጦሩ መንታ መንገዱ ላይ ቆሟል። አስፋው ከፊት ነው። እጁ አልታሰረም፣ መስፍን። ተይዞ ይሁን ወዶ አላውቅም፤ እጁ ግን አልታሰረም። አስተርጓሚው ወደ እኛ፣ ወደ ሸንበቆው በጣቱ ያሳያል፤ እዚያስ ምን አለ ሳይለው አልቀረም። አስፋው አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቱን አዞረና መልካው በዚህ ነው ብሎ ፊት ፊት ሄደ። ጦሩ ተከተለው።»

«ለምን እስካሁን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ባንዳ አይደለም ልበል? መንገዱን አሳይቷል። ባንዳ ነው ልበል? እኔን አድኗል። የወዲያ ማዶዎቹ ተኝተው ነበር። አንድም ልጅ ሸንበቆው ውስጥ አልሞተም። እነሱ የሞቱት በእኛ ፈንታ ነው። ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር ስሙን የሚጠሩት የእሱን ነው፤ የሚመታኝ ግን እኔን ነው።» ያን ቀን ነው አትንገር፣ ከጠየቁህ ግን አትዋሽ ያሉኝ። ከሐይቁ ተነስተን ስንሄድ «ሳን ሆዜ ውሰደኝ» አሉ።

በማግስቱ እሑድ ወሰድኳቸው። ይመናሹ የሚኖሩበት ግቢ ነጭ ቀለም የተቀቡ ብዙ ቤቶች ያሉበት፣ ቁጥቋጦው ሁሉ በልክ የተቆረጠ ነበር። አባባ ታደሰ ከመኪናው ወርደው መሬት መሬቱን ያያሉ። ምን ጠፋብዎት ልል ስል ገባኝ። በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሲለምን አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባው። ሳን ሆዜ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ያለው ለጌጥ ቁጥቋጦው ሥር የተደረደረው ነው። ከእሱ ደህና የሚከብደውን መርጠው አነሱ። የግቢው ጠባቂ ከማዶ «ሄይ! ሰር! ያ የግቢው ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ። እየሮጥኩ ሄጄ እንመልሰዋለን፣ የሃይማኖት ነገር ነው አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው? ሰውየው አባባ ታደሰን አያቸው፤ ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሌ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎብጠው ደረጃ ሲወጡ። ከዚያ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ተመለሰ።

ይመናሹ በሩን ሲከፍቱ ድንጋዩን አዩ። የዚያ ባህል ልጅ ናቸውና ማስረዳት አላስፈለገም፤ ፊታቸው ብቻ ተለወጠ። «ማን ነዎት?» አሉ።

«የአስፋው ወንድም ነኝ» አሉ አባባ ታደሰ፣ ቀና ሳይሉ። «የአባትሽ ደም በእሱ ላይ ብቻ አይደለም። በእኔም ላይ ነው።» ከዚያም እዚያው በሩ ላይ፣ ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ፣ ያልታሰረውን እጅ ጭምር፣ ሳይቀንሱ ነገሯቸው። ወይዘሮ ይመናሹ በሩን ይዘው ቆመው ሰሙ። ላብ ከአባባ ታደሰ አፍንጫ እየተንጠባጠበ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ ይመናሹ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ሲጨርሱ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሱላቸው።

«ያውርዱት፤ ይበቃል። ይቅር ብያለሁ ብል እዋሻለሁ» አሉ። «ይቅር የሚለው እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም። እስኪ ልሰንብትበት።» በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ድንጋዩን ቦታው መለስኩት። እስከ ኦክላንድ ድረስ መንገዱ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ያን ክረምት አባባ ታደሰ ሞቱ። የዘነበች ሁለት ክፍል ቤት በለቃሽ ተጨናነቀ። እዚህ አገር ለቅሶ ራሱ ይሉኝታ አለበት፤ አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሌላው «ቀስ በሉ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል» ይላል። ሰው በአፉ ላይ ነጠላ ይዞ ያለቅሳል። እንዲህ እያለን ወይዘሮ ይመናሹ ገቡ። ከሳን ሆዜ በአውቶቡስ ነው የመጡት። አገራቸውን የሚያውቅ ሁሉ ደነገጠ፤ የወዲያ ማዶ ሰው፣ በዚያ ላይ የመልካው ሟች ልጅ፣ በአስፋው ወንድም ለቅሶ ላይ ምን ትሠራለች? መሀል ቤት ቆሙ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ጎረቤትም ፖሊስም ሳይሉ ድምፃቸውን ለቀቁት፦

አባቴ መልካ ላይ ወድቆ ቀረ እያልኩ፣
ያዳነውን ሕፃን ዛሬ እኔ ቀበርኩ።

ሰዉ አብሯቸው አለቀሰ፤ ምን እንዳሉ ግን የገባው አልነበረም። ቀስ ብለው እርስ በርስ ተጠያየቁ፤ «የትኛው ሕፃን?» አለች አንዷ። «ሐዘን ነው፤ አደነጋግሯቸው ነው» አሉ አቶ ደምሴ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ ነበር። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ ለእናቴም እንደዚያ አላለቀስኩም። አባታቸው የሞተው ተሸጦ አይደለም፤ ሳያውቀው ልጅ አድኖ ነው ብለው መረጡለት። ሟች አባታቸው ሊለው ያልቻለውን ይቅርታ በእሱ ፈንታ አሉለት። ከጥቂት ዓመት በኋላ እሳቸውም ሞቱ። ሙሾው የተባለው አንድ ጊዜ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነውና ከዚያ ቤት አልወጣም። ዘፈኑ ግን ካሴቱን ጥሎ ወደ ስልክ ገባ። የአቶ ደምሴ ወገን ስለበዛ ይሁን ለጭፈራ ስለተመቸ፣ አስፋው አሁን ጠላትን አስምጦ የሚሰምጥ ጀግና ሆኗል። የዛሬ ልጆች ድሮም እንዲህ ነበር ብለው ይምሉልሃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የማይጠራ ንጋትም እንዳለ ግን የዚህ አገር ጉም አስተምሮኛል።

ቅዳሜ ደረሰ። የዘነበች ልጅ ድምፅ በሌላት መኪናው ወስዶኝ ፕሌዘንተን ገባን። ቤቱ ሰፊ ነው፤ የአባባ ታደሰ ፎቶ ከአበባ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ መጥተዋል፣ ምግቡ ተሰናድቷል። ልጆቹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጧቸው፤ ትልቋ ሊያ ስልኳን ወደ እኔ አዙራ ሪኮርድ ጀመረች። ዘነበች ከወንበሬ አጠገብ ቆማ እጄን ጫን አደረገችው። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። «በሉ ጋሼ፤ ጀግናውን ንገሯቸው» አለች።

ጀግናውን መንገር ቀላል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ግን ከጠየቁህ አትዋሻቸው ተብያለሁ። ስለዚህ ያ የምወደው ግሪክ እንደሚያደርገው አደረግሁ። የወዲህ ማዶ ሰዎች እንዲህ ይላሉ አልኩ። የወዲያ ማዶ ሰዎች ግን እንዲህ ይላሉ። ሸንበቆው ውስጥ የነበረው ልጅ ደግሞ ይህን አየ። ስለ ድንጋዩም፣ ይመናሹ በአውቶቡስ መጥተው ስላሉትም ነገርኳቸው። ዘነበች እጇን ከእጄ ላይ አነሳች። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም።

«ዌይት» አለች ሊያ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋ። «ሶ ግራንድፓ ታደሰ ነው ልጁ? ያ አጎት መንገዱን አሳይቶ፣ ሌላ ሰው ሞቶ... ላይክ፣ እኛ ያለነው በዚያ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «በዚያ ነው።»

ዘነበች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆማለች። አስቀየምኳት ብዬ አሰብኩ። በአባቷ ቀን፣ በልጅ ልጆቿ ፊት፣ ጀግናዋን ቀማኋት። ልነሳ ወንበሩን ስደገፍ ዞረች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ያ የእትዬ ይመናሹ አባት» አለች፤ «ስማቸው ማን ነበር?»

«በሻህ» አልኳት። «በሻህ ወርቁ።»

ወደ ልጆቹ ዞረች። «በሻህ ወርቁ በሉ» አለቻቸው። አሉ። ትንሹ ምላሱ ላይ እየተጠላለፈበት ሦስተኛው ላይ አስተካክሎ አለው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቄሱ ፊት ቀረበች።

«አባ፣ ጸሎቱን ይጀምሩልን» አለች። «ከአባቴ ስም በፊት ግን የእሳቸውን ይጥሩልኝ።»